ቁስሉ ትንሽ፣ ህመሙ ትልቅ

ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ ፎቶ ይዞራል። የሰው እግር ነው። ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ጠቁሯል፤ ቆዳው ተልጧል። ከሥሩ «ሥጋ በል ባክቴሪያ! ሼር በማድረግ ወገንዎን ያድኑ» ይላል። ስንቱ ሰው እንደላከልኝ አልነግራችሁም። ፋርማሲ የሚሠራን ሰው ዘመድ ሁሉ ሐኪሙ ያደርገዋል። አንዳንዱ ደንበኛማ ባንኮኒው ጋ ሲደርስ «ዶክተርዬ» ነው የሚለኝ። ማረሙን ትቼዋለሁ።

በሽታው እውነት ነው። ፎቶውም የውሸት አይመስለኝም። የማልወደው ሰው ከፎቶው የሚይዘውን ትምህርት ነው። ያየ ሁሉ «በሽታው ሲይዝ እግር እንዲህ ይጠቁራል» ብሎ ይይዛል። ስለዚህ የራሱ እግር እንዲያ ካልጠቆረ «እኔንስ ያ አልያዘኝም» ይላል። እግር ያን እስኪመስል ድረስ ግን ብዙ ነገር አልፏል። ወሳኙ የመጀመሪያው ቀንና የመጀመሪያው ሌሊት ነው። ያን ጊዜ ፎቶ ብታነሱ ለሼር የሚሆን ነገር አታገኙም። ትንሽ ጭረት፣ ትንሽ እብጠት፣ አጠገቡ ደግሞ በህመም የሚያቃስት ሰው፤ በቃ ይኸው ነው።

ሐኪሞች ኔክሮታይዚንግ ፋሺያይተስ ይሉታል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩን በግ ሲገፈፍ ያየ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ለበዓል በጉ ተሰቅሎ ሲገፈፍ አራጁ መጀመሪያ በቢላ ትንሽ ይከፍታል። ከዚያ ቢላውን ያስቀምጥና በጡጫው ይገባል። በቆዳውና በሥጋው መካከል እጁ ሽው እያለ ይሄዳል፤ ቆዳው በቀላሉ ይላቀቅለታል። እኛም ከቆዳችን ሥር፣ ጡንቻችንን የሸፈነ እንዲሁ ያለ ስስ ነጭ ሽፋን አለን። ፋሺያ ይባላል። ደም እንደልብ አይደርሰውም። ባክቴሪያ አንዴ እዚያ ከገባ መንገዱ ክፍት ነው፤ በዚያው ሽፋን ላይ ሽቅብም ቁልቁልም ይሮጣል። ከላይ ያለው ቆዳ ገና ደህና ይመስላል። ከሥሩ ግን እየሞተ ነው።

«ሥጋ በል» የሚለው ስም ትንሽ ያሳስታል። ባክቴሪያው አይበላም። የሚያደርገው መርዝና ሥጋን የሚያሟሙ ኬሚካሎች መልቀቅ ነው። መርዙ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ይዘጋል፤ ደም ያልደረሰው አካል ይሞታል። የሞተው ደግሞ ለባክቴሪያው የበለጠ ይመቸዋል። በዚያ ሽፋን ውስጥ የሚያልፉት ነርቮችም ይጎዳሉ። ለዚህ ነው ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ ህመሙ ሰውን የሚያስጮኸው።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «መድኃኒት የለውም ወይ?» የሚለው ነው። ባለሙያ ስለሆንኩ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። ዋና ከሆኑት ባክቴሪያዎች አንዱ ስትሬፕቶኮከስ ይባላል፤ ምድቡ ኤ ነው። ታውቁታላችሁ። ልጆቻችንን ቶንሲል የሚያሳምማቸው፣ ሳይታከም ሲቀር በሩማቲክ በሽታ ልባቸውን የሚጎዳው እሱ ነው። ይህ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን አልተላመደም። የዘመኑ መድኃኒት ሁሉ ሲለመድበት በዚህ ላይ ግን አሮጌው ፔኒሲሊን አሁንም ይሠራል። ታዲያ ሰው ለምን ይሞታል? መድኃኒቱ የሚሄደው በደም ነው። የደም ሥሩ ተዘግቷል። በጓሮ ያለው ባክቴሪያ መድኃኒቱ በር ላይ ሲደርስ እንኳ አይሰማም። ስለዚህ የሞተው አካል በቀዶ ጥገና ተቆርጦ መውጣት አለበት። ከዚያ በኋላ ነው መድኃኒቱ የቀረውን የሚያድነው። ሐኪሞቹ ብዙውን ጊዜ ክሊንዳማይሲን ይጨምራሉ፤ እሱ ባክቴሪያው መርዝ እንዳይሠራ ያግደዋል። ሌላ ዓይነትም አለ፤ ብዙ ባክቴሪያዎች ተባብረው የሚያመጡት። ስኳር ያለበትን፣ ሆዱን ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ሰው በይበልጥ የሚያጠቃው ይኸኛው ነው። ለእሱ ሰፋ ያለ የመድኃኒት ድብልቅ ያስፈልጋል። ለሁሉም ግን ቢላው ይቀድማል። በአፍ የሚዋጥ አሞክሳሲሊን ከእኔ ገዝቶ ቤት ተኝቶ የሚድን የለም።

አዲስ በሽታም አይደለም። ጆሴፍ ጆንስ የሚባል ሐኪም ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1871 በወታደሮች ቁስል ላይ ያየውን ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሌኒ የተባለ ቀዶ ጥገና ሐኪም ቤጂንግ ውስጥ ያያቸውን 20 ሕሙማን ዘገበ። ዛሬ የሚጠራበትን ስም ዊልሰን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። የድሃ በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁም፦ ሉሲያን ቡሻር የተባለው የካናዳ ፖለቲከኛ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 በዚሁ በሽታ አንድ እግሩን አጥቷል። ተርፎ ከአንድ ዓመት በኋላ የኬቤክ መሪ ሆነ። በሽታው በጣም አልፎ አልፎ ነው የሚከሰተው፤ ይህም መታወቅ አለበት። እያንዳንዱ ጭረት ወደዚህ አይሄድም፤ የሚበዛው ቁስል ታጥቦ ይድናል። ግን ሲመጣ ሳይውል ሳያድር ነው የሚገድለው። በስትሬፕቶኮከስ ሲሆን፣ ጥሩ ሕክምና ባለበት አገር እንኳ ከ5 ሰው እስከ 1 ሰው ይሞታል።

ወደ እኛ ቤት ልምጣ።

አጎቴ የደምቢያ ገበሬ ነው። አጥር ሲያጥር የግራር እሾህ ቅልጥሙን ጫረው። ጭረቷ የጣት ጥፍር አታህልም። ደሙን በእጁ ጠርጎ ሥራውን ቀጠለ፤ ማን ለእሾህ ሥራ ያቆማል? ማታ ላይ እግሩን አመመው። አክስቴ ፌጦ ደቁሳ ለጠፈችለት። ሌሊቱን አልተኛም። ጠዋት እግሩ አበጥ ብሏል፣ ብሽሽቱ ላይ እብጠት ወጥቷል። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ንፍፊት ነው፣ ይሄዳል» አለ። ሌላዋ «ምች ነው፣ ዳማከሴ ፈልጉ» አለች። አንድ ሽማግሌ «አባ ሰንጋ እንዳይሆን» ብለው ፈሩ። (ሽማግሌው ክፉ አላሰቡም። ግን የአባ ሰንጋ ቁስል መሃሉ ጠቁሮ ብዙ ጊዜ አያምም። የአጎቴ ተቃራኒ ነበር፤ ቁስል የለ፣ ህመም ግን ሞልቷል።)

ከሰዓት በኋላ አንድ ቦታ ወስደው የህመም መርፌ አስወጉት። ዳይክሎ መሆኑ ነው። ተሻለው። እራት በላ፣ ተጫወተ። ቤቱ ሁሉ «ተመስገን» አለ። መርፌው ግን ያቆመው ህመሙን እንጂ በሽታውን አልነበረም። ሌሊት ላይ ህመሙ እጥፍ ድርብ ሆኖ ተመለሰ። ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፣ አስመለሰው። ከዚያ የገዛ ልጁን ከሞተ ብዙ ዘመን በሆነው በወንድሙ ስም ጠራው። ልጁ የደነገጠው ይኼኔ ነው። ደወለልኝ። «እታለም፣ አባዬ ይቀባጥራል» አለኝ። እግሩ ምን ይመስላል አልኩት። «ያን ያህል አይደለም፤ አብጧል እንጂ ቁስሉ እንኳ ደርቋል» አለ። እንግዲህ ቁስሉ ደርቋል፣ ሰውየው ይቀባጥራል። ሲነጋ ሳይሆን አሁኑኑ ይዛችሁት ኑ አልኩ። መኪና ለምነው፣ በጨለማ፣ ወደ ጎንደር መጡ።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘን ሐኪም ልጅ እግር ነው። እግሩን በእጁ ተጭኖ አየ። ከዚያ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ እብጠቱ የሚያልቅበትን ዙሪያውን አሰመረና ሰዓቱን ጻፈበት። ካርድና ደም ምርመራ ስንል እብጠቱ መስመሩን አልፎ ሄደ። ሐኪሙ ሌላ ምንም አላስፈለገውም። ቀዶ ጥገና ሐኪሙን ጠራ። ፊርማ ተባልን፣ ደም የሚሰጥ ዘመድ ተባልን፤ አጎቴ ገባ።

በኋላ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ያስረዳን ነገር ከጭንቅላቴ አይወጣም። ትንሽ ከፍተው ጣታቸውን ሲያስገቡ ቆዳው ከሥጋው ያለ ምንም ትግል ተላቀቀ። ጤነኛ ሰው ላይ እንዲያ አይሆንም፤ አጥብቆ ይይዛል። የወጣው መግል አልነበረም፤ ዕቃ የታጠበበት ውኃ የሚመስል ግራጫ ፈሳሽ ነው። መግል ስላልነበረ ነው ማንም ያልጠረጠረው። የእኛ ሰው ቁስል ካላመረቀዘ አይፈራም። በማግስቱ እንደገና አስገቡት፤ የሞተው ሁሉ በአንድ ጊዜ አይለይምና ተመልሶ ማየት የግድ ነው። የደም ስኳሩ ደግሞ ጣሪያ ነክቷል። ስኳር እንዳለበት እሱም እኛም አናውቅም ነበር።

ዳነ። ከጭኑ ቆዳ ተወስዶ ቅልጥሙ ላይ ተለጠፈ። በከዘራ ይሄዳል። ፋሻው በተቀየረ ቁጥር የነበረውን ስቃይ ባልተርከው ይሻላል። ወጪውንም እንዲሁ። የጤና መድን ባይኖራቸው በሬዎቹ ይሸጡ ነበር፤ እሱም እያለ ከውጭ የሚገዛው መድኃኒት ቀላል አልነበረም።

ይህን ታሪክ ሳወራ ሰው የሚጠይቀኝ «ባክቴሪያው ከየት መጣ?» ነው። ከየትም ሊመጣ ይችላል። ከአፈሩ፣ ከእሾሁ፣ ከራሱ ቆዳ፣ ከልጅ ልጁ ጉሮሮ። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው፤ የጠፋው አንድ ቀን። ከመጀመሪያው ሌሊት እስከ ሁለተኛው። ሆስፒታል በደረሱ በ6 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ጥገና ያገኙ ሕሙማን ከዘገዩት ይልቅ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። እኛ የምንቆጥረው በቀን ነው። «እስኪ ዛሬን ልየው»፣ «እስኪ ገበያው ይለፍ»፣ «እስኪ እሑድን ላስቀድስ»።

ቻይነት እዚህ አገር ትልቅ ነገር ነው። ጎንደር ውስጥ ደግሞ የባሰ ነው። በሠርጉም በለቅሶውም ፉከራ እየሰማን ነው ያደግነው። ጥይት ያልጣለውን ወንድ የግራር እሾህ ጣለው ሊባል ነው? አጎቴ የመጀመሪያውን ሌሊት ጥርሱን ነክሶ ያደረው ለዚህ ነው፤ አክስቴ «አቃሰተ» ስትል እንኳ ይቆጣ ነበር። እኔ ለቻይነት ክብር አለኝ። ይህ በሽታ ግን ያለው ማስጠንቀቂያ ህመሙ ብቻ ነው። ቆዳው ይዋሻል፣ ቁስሉ ይዋሻል፣ ሙቀት መለኪያውም መጀመሪያ ላይ ሊዋሽ ይችላል። ጉንፋን ይዞት እንኳ ሥራ የማይቀር ሰው «በዚህች ጭረት ምክንያት መቆም አቃተኝ» ካለ፣ እመኑት። ቁስሉን አይታችሁ ሰውየውን አትመዝኑ።

የህመም መርፌውም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መጥፎ መድኃኒቶች አይደሉም፤ እኔም እሸጣቸዋለሁ። ግን ህመሙንና ትኩሳቱን ይሸፍናሉ። ሰውየውም ሐኪሙም ይዘናጋሉ። ስለዚህ አሁን አንድ ሰው «እግሬን ክፉኛ አሞኛል፣ መርፌ ስጭኝ» ሲል መጀመሪያ እግሩን ነው የማየው። ሱሪ ማስጠቅለል ያስቀይማል፤ አንዳንዱ «ለመድኃኒት ነው የመጣሁት ለምርመራ?» ይለኛል። ይበል።

ደግሞ አንድ ክፉ ነገር አለ። ህመሙ በድንገት ጋብ ሊል ይችላል። ያለ ማስታገሻ፣ እንዲሁ። ቤተሰብ «ተሻለው» ይላል። ነርቮቹ ሞተው ሊሆን ይችላል። ህመሙ ጠፍቶ ሰውየው ግን ከደከመ፣ ልቡ ቶሎ ቶሎ ከመታ፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ያ መሻል አይደለም።

የሕክምና መጻሕፍት «ቆዳው ይቀላል» ይላሉ። የተጻፉት ለነጭ ቆዳ ነው። የእኛ ጠይም ቆዳ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። እኛ መፈለግ ያለብን ሌላ ነው። ከሌላኛው እግር ጋር አስተያዩት። ጠቆር ብሏል? ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ሆኗል? ተወጥሮ ያብለጨልጫል? ሲዳሰስ ይሞቃል? ከቁስሉ ርቆ ደህና የሚመስለው ቦታ ሲነካ ያማል? ውኃ ከቋጠረ፣ ወይም ሲጫኑት ከሥሩ እንደ አየር የሚንኮሻኮሽ ነገር ከተሰማ ደግሞ በጣም ዘግይቷል፤ ሩጡ። የዚያን ሐኪም የእስክሪብቶ ዘዴ ማንም ቤቱ ሊሠራው ይችላል። አስምሩ፣ ሰዓቱን ጻፉ። መስመሩን ካለፈ ክርክር የለም። ካላለፈ ግን ህመሙ እየጨመረ ከሆነ፣ መስመሩ አያጽናናችሁ።

ሆስፒታል ስትደርሱም የምትናገሩት ነገር ለውጥ ያመጣል። «እግሩን አሞታል» ማለት በየቀኑ መቶ ሰው የሚለው ነው። «ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ህመሙ ግን ከቁስሉ በላይ ነው፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ይስፋፋል፣ ትኩሳት አለው» በሉ። ስኳር ወይም ኩላሊት ካለበት፣ የተወጋው መርፌ ካለ፣ ተናገሩ። ዱቄትም ቅጠልም ከተቀባ ደብቃችሁ አትግቡ። ማንም አይቆጣችሁም፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

መከላከሉ ከማከሙ በጣም ይቀላል፤ አሰልቺም ነው። ቁስልን ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ መሸፈን፣ በየቀኑ ማየት። ይህን ስናገር የጎንደር ሰው ይስቅብኛል፤ ልክ ነው። ቧንቧው በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ እናውቃለን። ሰው ለቡና ያላገኘውን ውኃ ለጭረት አፍስስ ማለት ይከብዳል። ግን አንድ ጆግ ይበቃል። ለመጠጥ የሚሆን ውኃ ለቁስልም ይሆናል፤ የተለየ መድኃኒት አያስፈልገውም። ከጀሪካን ቀድታችሁ ከፍ አድርጋችሁ አፍስሱበት፤ ውኃው እየወረደ ቆሻሻውን ይዞ ይሂድ። በሳፋ ውኃ ውስጥ እግርን መዘፍዘፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሳፋውን ቆሻሻ መልሶ ማስገባት ነው። ጎዝ ከሌለ በደንብ የታጠበና በካውያ የተተኮሰ የጥጥ ጨርቅ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1954 እዚህ ከተማ የጤና ኮሌጁ ሲከፈት ካሠለጠናቸው ሙያተኞች መካከል ሳኒተሪያኖች ነበሩ። ጤና መኮንኑና የማኅበረሰብ ነርሷ ሲያክሙ፣ ሳኒተሪያኑ ምንጭ ማጎልበትና ሽንት ቤት ማስቆፈር ነበር ሥራው። የዛሬ ልጆች ሁሉም ስፔሻሊስት መሆን ነው የሚፈልጉት፤ አልፈርድባቸውም። ግን ቀዶ ጥገና ክፍሉ የሚሠራውን ግማሽ ሥራ ሊያስቀር የሚችለው ያ ሳኒተሪያን ይመስለኛል።

ቁስል ላይ ስለሚደረገው ነገር ደግሞ ብዙ አያለሁ። የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ ቅቤ፣ ኮልጌት፣ ፌጦ። ከሁሉም የሚያናድደኝ የራሳችን የፋርማሲ ዕቃ ነው፦ ካፕሱሉን ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ መነስነስ። «ፈጥኖ ያደርቀዋል» ይላሉ። ያደርቀዋል፤ ከላይ ቅርፊት ይሠራል። ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ማን አየ? መድኃኒቱም በዚያ መልክ አይሠራም። አንድ ደንበኛ «እናቴ ስታደርገው ነው ያደግሁት» ብሎ ተከራክሮኛል። እናቱን ማሸነፍ አልቻልኩም፤ ግን ካፕሱሉን አልሸጥኩለትም።

የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አይረሳ። ሌላ በሽታ ቢሆንም የሚገባው በዚያው በር ነው። ስኳር ያለባችሁ ማታ ማታ እግራችሁን እዩ፤ መስታወት ሥር አድርጋችሁ ውስጥ እግሩንም። ስኳር የእግርን ስሜት ሲወስደው እሾህ ተሰክቶ እንኳ አይታወቅም፤ ያን ጊዜ የነገርኳችሁ የህመም ማስጠንቀቂያም ይከዳል። በባዶ እግር መሄድ ይቅር። ኮንጎ ጫማ ብትሆንም ጫማ ናት። አጎቴ አሁን ቆዳ ጫማ ተገዝቶለት ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የሚያደርገው፤ በዚህ ከልጆቹ ጋር ተጣልቷል።

ስለዚህ በሽታ ፈረንጆች የሚሠሩት ቪዲዮ ስለ ባሕር ውኃና ስለ ጥሬ የባሕር ምግብ ይናገራል። እውነት ነው፤ ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚኖር ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ በቁስል ገብቶ ይህንኑ ያደርጋል። እኛ ያ ባሕር የለንም። ነገር ግን የሐይቅና የወንዝ ውኃም የራሱ ባክቴሪያዎች አሉት። ጎርጎራ ለመዋኘት የምትሄዱ ትኩስ ቁስል ካላችሁ ዳር ቁሙ። ስለ ጥምቀትም ልናገር፤ ለጎንደሬ ይህን ማለት ድፍረት ነው። ጥር 11 ጠዋት የፋሲል መዋኛ ሲባረክ መዝለል የማይፈልግ ወጣት የለም። ስፌት ወይም ክፍት ቁስል ያለበት ግን ሲረጭ ይቀበል። የተረጨውም ጠበል ነው። ጠበል የምትጠመቁ ሕሙማንም፣ ሐኪም ቤቱንና ጠበሉን አታጣሉ፤ ብዙ አባቶችም መድኃኒታችሁን አታቋርጡ ነው የሚሉት።

ልጆች ላይ ደግሞ የሚያስፈራኝ አፍ ነው። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል በአካባቢያችን አልቀረም። ያ ስትሬፕቶኮከስ ብዙ ጊዜ የሚኖረው ጉሮሮ ውስጥ ነው ብያለሁ። እዚያ ምላጭ ማስገባት በር መክፈት ነው፤ ከአፍ የተነሳ ኢንፌክሽን በአንገት ሽፋን ወርዶ ደረት ሊገባ ይችላል። ኖማ የሚባለውም አለ። በምግብ እጥረት በተጎዱ፣ ኩፍኝ ይዟቸው በነበሩ ሕፃናት ድድ ላይ ትንሽ ቁስል ሆኖ ይጀምርና ፊትን ይበላል። ካልታከመ ከ10 ሕፃናት እስከ 9 ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በጊዜው ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ፣ አፍን በማጠብና በምግብ ይድናል። የልጅ ድድ ሲደማና ሲሸት «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ወደ አጎቴ በሽታ ልመለስ፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። አስታማሚ እጁን ይታጠብ፣ ጓንት ያድርግ፣ ይበቃል። አጎቴ ከሆስፒታል ሲመለስ አንዳንዱ «መተት ነው» ብሎ፣ አንዳንዱ «ይጋባል» ብሎ ደጁን ሳይረግጥ ቀርቶበታል። ከቁስሉ ይልቅ ያ ነው የቆጨው።

አሁን ወደሚያሳፍረው ልግባ። ይህ በሽታ ወንዶችን ብልት አካባቢ ይይዛቸዋል። ፎርኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1883 ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። ስኳር ያለባቸውና መጠጥ የሚያዘወትሩ ሰዎች ይበልጥ ያገኛቸዋል። ትንሽ ብጉር ወይም የፊንጢጣ እባጭ ሆኖ ይጀምራል። ወንዱ ለሚስቱም አይናገርም። ባንኮኒዬ ጋ ቆሞ ሰው እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ወጣት ሴት መሆኔን ሲያይ ደግሞ «ለጓደኛዬ ነው» ይላል። ጓደኛህ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ እለዋለሁ። እንደተረዳኝ ከፊቱ አየዋለሁ።

ሴቶች ዘንድ ደግሞ አራስ ቤቱ አለ። ስትሬፕቶኮከስ የወለደችን ሴት በማህፀኗም፣ በተቀደደው ወይም በተሰፋው በኩልም፣ በኦፕራሲዮን ቁስሏም ሊገባ ይችላል። ድሮ በአውሮፓ የወሊድ ክፍሎች እናቶችን ይፈጅ የነበረው የአራስ ትኩሳት ዋና ምክንያት እሱ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ የሚያስተላልፈው ያልታጠበ የአዋላጅ እጅ ነው። የእኛ አራስ ተሸፍና ትተኛለች። «ያመኛል» ስትል «ወልደሽ አይደል፣ ሊያምሽ ነው እንጂ» ትባላለች። ቁስሏን የሚያይ የለም፤ ባሏ ያፍራል፣ አማቷ ታፍራለች፣ እሷም ታፍራለች። ሰው የሚጠይቀው ስለ ሕፃኑ ነው።

ስለዚህ አራስ ልትጠይቁ የምትሄዱ ሴቶች፣ ሕፃኑን ከሳማችሁ በኋላ ወንዶቹን አስወጡና እሷን ጠይቋት። ይበርድሻል? ያንቀጠቅጥሻል? ህመሙ ከትናንት ዛሬ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? የተሰፋሽው አካባቢ ከስፌቱ አልፎ ያምሻል? ፈሳሹ ሽታው ተለወጠ? ከዚያ ፈቃዷን ጠይቃችሁ እዩላት። እጃችሁን ታጥባችሁ። ህመሙ ጨምሯል፣ ትኩሳትም አለ ካለቻችሁ ገንፎው ይቆይ፤ መጀመሪያ መኪና ይፈለግ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።